ቫይታሚን ሲ ሴረሜ በ5 ቀን ሻይ መሰለ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ አካባቢ። ፊቴ ላይ ብጉር የተወብኝ ጥቁር ምልክት አለ። የሚሸጠው ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባው ፈሳሽ) ተወደደብኝና የቫይታሚን ሲ ዱቄት ገዝቼ ራሴ በጠበጥኩት። 15 ግራም ዱቄት በ85 ግራም ውሃ። ውሃው የቧንቧ ነው፤ ግን አፍልቼ አቀዝቅዤዋለሁ። በሃይላንድ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር። በ3ኛው ቀን ብርዝ መሰለ፣ በ5ኛው ቀጭን ሻይ። ስቀባው ደግሞ ያቃጥለኛል። ልድፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ምን አደከመሽ? ሎሚ በማር ለውሰሽ ተቀቢ። እናቶቻችን የሚያውቁት እሱን ነው።

መልስ 2፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። እባክሽ ሎሚውን ተይው። 100 ግራም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንቺ የበጠበጥሽው 15,000 ሚሊግራም! ሎሚ ተቀብቶ የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁረቱም ይብስበታል።

ሴረሙን ቡናማ ያደረገው ኦክስጅን ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረትና መዳብ አያወጣም። ነገሩን የሚያፋጥነው ውሃው ውስጥ ያለው ያ ቅንጣት ብረት ነው። መስኮቱ ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ጨመረበት። ይሄኛውን ድፊው። ፋርማሲ ሄደሽ ባለ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ (መድኃኒት የሚበጠበጥበት የተጣራ ውሃ) ሁለት ግዢ። 3 ግራም ዱቄት በ17 ግራም ውሃ፣ ያው 15 ከመቶ ነው። ቢበላሽ እንኳ ትንሽ ነው የሚደፋው።

ያቃጠለሽ አሲድነቱ ነው። በዚህ መጠን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 2 ይወርዳል። ቆዳ ውስጥ እንዲገባ ከ3.5 በታች መሆን አለበት፤ 2 ላይ ግን አሲዱ በጣም ይበዛል። ቤኪንግ ሶዳ በቢላ ጫፍ ጣል አድርጊ፣ አረፋው ሲበርድ በፒኤች ወረቀት ለኪ። 3 ሲደርስ አቁሚ። ከዚያ ጥቁር ብልቃጥ፣ ፍሪጅ። ፌሩሊክ አሲድ 0.5 ከመቶ፣ ቫይታሚን ኢ 1 ከመቶ ቢገባበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ግን ሁለቱም በውሃ እሺ ብለው አይሟሙምና ለአሁኑ ይቆዩሽ።

መልስ 3፦ የመኪና ባትሪ ውሃስ? እሱም የተጣራ ነው ይላሉ።

መልስ 2፦ ለፊት አይሆንም። ጋራዥ ውስጥ አሲዱም ውሃውም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። ቢሳሳቱስ?

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳልከኝ አደረግኩ፣ ወረቀቱ 3 አሳየኝ። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፣ አሁንም ውሃ ነው የሚመስለው። ትናንት መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አዋልኩት። ከጆሮዬ ሥር ቀብቼ 2 ቀን ጠበቅሁ፣ አልቀላም። ዛሬ ማታ ፊቴ ላይ እጀምራለሁ።