የእርግዝና የደም ግፊትና የገዛ አካልን የሚነኩ አንቲቦዲዎች

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እርግዝናዬ በ31ኛው ሳምንት የደም ግፊቴ 160/105 ደርሶ፣ በሽንቴም ፕሮቲን ተገኝቶ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው ተብዬ ሳምንት ሳይሞላ በቀዶ ሕክምና ወለድኩ። ልጄ ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለታችንም ደህና ነን። አሁን ሁለተኛ ልጅ እያሰብን ሳለ፣ ሕመሙ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ከሚያመርተው አንቲቦዲ (በደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ፕሮቲን) ጋር እንደሚያያዝ አነበብኩ። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሉፐስም ሆነ ሌላ ተመሳሳይ ሕመም ኖሮብኝ አያውቅም። ታዲያ ይህ አንቲቦዲ ከየት ይመጣል? በደም ምርመራስ ይታወቃል?

መልስ፦
ያነበቡት ምናልባት አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው የደም ሥር የሚያጠብ ሆርሞን የሚያርፍበትን ኤቲ-1 ሪሴፕተር (የሕዋስ መቀበያ) ስለሚይዘው አንቲቦዲ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዋሉካት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በርሊን ውስጥ ነው ያገኙት። ከተወለዱ ብዙም ያልቆዩ አይጦች የልብ ሕዋሳት በሳህን ውስጥ በራሳቸው ይመታሉ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ካለባቸው ሴቶች ደም የተለየው አንቲቦዲ ሲጨመርባቸው ምታቸው ፈጠነ፤ ሪሴፕተሩን የሚዘጋው ሎሳርታን የተባለው መድኃኒት ሲገባ ግን ፍጥነቱ ቀረ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ አንቲቦዲ ሲባል የሚያፈርስ ነገር ይታሰበናል፤ ይህኛው ግን የሆርሞኑን ሥራ ነው የሚሠራው። ሆርሞኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወገድ፣ አንቲቦዲው ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ የደም ሥሮችን ማጥበቡ አያባራም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሂውስተን ውስጥ የታማሚ ሴቶች አንቲቦዲ ለነፍሰ ጡር አይጦች ሲሰጥ፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ፕሮቲንም በሽንታቸው ታየ።

ከየት ይመጣል ላሉት፣ ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም እንዲቀንስ በተደረጉ ነፍሰ ጡር አይጦች ላይ አንቲቦዲው ራሱ ብቅ ብሏል። ስለዚህ በእኔ ግምት መነሻው ደም ያነሰው እንግዴ ልጅ ነው፤ አንቲቦዲው የተጀመረውን እሳት የሚያራግብ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም ለእርስዎ ውሳኔ የሚጠቅም አይመስለኝም። የኤቲ-1 አንቲቦዲ በተለመደው የሆስፒታል ላቦራቶሪ አይለካም፤ ኩላሊት ተተክሎላቸው ሰውነታቸው ባልተቀበለው ሰዎችም ላይ ስለተገኘ፣ መገኘቱ ብቻውን ፕሪኤክላምፕሲያ አለ አያሰኝም። ሎሳርታንንም ማንም እንደ መፍትሔ እንዳያስበው፤ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳና የሽርት ውሃን ስለሚያሳንስ በእርግዝና ወቅት አይወሰድም።

ሊመረመሩ የሚገባው ሌላ ነው፦ አንቲፎስፎሊፒድ አንቲቦዲዎች። እነዚህ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉና እንግዴ ልጅን የሚጎዱ ሲሆኑ፣ ሉፐስ በሌለባት ሴትም ይገኛሉ። በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት ከ34ኛው ሳምንት በፊት መውለድ አንዱ የመመርመሪያ ምክንያት ስለሆነ፣ እርስዎ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ከተረጋገጠ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ይታዘዛል። ባይገኝም እንኳ ከዚህ ታሪክዎ የተነሳ አስፒሪኑ ከ16ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀመር ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በወለድኩ በሦስተኛው ቀን ደም ተወስዶ ሉፐስ አንቲኮዋጉላንት የሚባለው «አለ» ተብሎ ተጽፎልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም። እንዲህ ከሆነ አለብኝ ማለት ነው?

መልስ፦
ሉፐስ አንቲኮዋጉላንት ከአንቲፎስፎሊፒድ አንቲቦዲዎች አንዱ ነው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ መገኘቱ አይበቃም፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ቆይቶ በሚደረግ ሁለተኛ ምርመራም መገኘት አለበት፤ በኢንፌክሽን ምክንያት ለጊዜው ታይቶ የሚጠፋ አለና። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይወጉ ከነበረም፣ መድኃኒቱ ይህንኑ ምርመራ ያዛባዋል። ስለዚህ ከማርገዝዎ በፊት ሦስቱንም፣ ማለትም ሉፐስ አንቲኮዋጉላንትን፣ አንቲካርዲዮሊፒንንና አንቲ ቤታ-2 ግላይኮፕሮቲንን፣ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ የተጻፈልዎትንም ወረቀት ይዘው ይሂዱ።