ክርክር፦ ከሕፃናት ማሳደጊያ የሚወጡ ወጣቶች ድጋፍ በ18 ዓመት ይቁም?

አወያይ፦ ይቁም ወይስ እስከ 21 ይቀጥል? በምክንያት ተናገሩ።

ዳዊት፦ ይቁም። በቤተሰብ ሕጋችን 18 የሞላው ሰው አካለ መጠን አድርሷል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ልጆቹ የሚያድጉት እዚሁ ነው። ጎረምሳው አልጋውን ካልለቀቀ መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘው ሕፃን የት ይተኛል?

ሰናይት፦ የአልጋው ነገር እውነት ነው። ግን ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ ልጅ በ18 ዓመቱ ገና 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ነው። ድሮ «ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ዶርም ያገኛል» እንል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ቤተሰብ ያለው ፈተና ቢወድቅ ቤቱ ይገባል። እነዚህስ?

ዳዊት፦ በ21 ዓመታቸውስ የት ሊገቡ ነው? ችግሩን ሦስት ዓመት ገፋነው እንጂ አልፈታነውም።

ሜሮን፦ ማሳደጊያ ነው ያደግኩት። ዳዊት፣ ዕድሜው ዋናው አይደለም ካልክ እስማማለሁ። ስወጣ የመቋቋሚያ ብር ተሰጥቶኛል፣ ሥልጠናም ወስጃለሁ፤ ሰጪዎቹን እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ለገንዘብ ያዥነት ተወዳድሬ አለፍኩና «ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ» ተባልኩ። አጎት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ያሳደጉን ሞግዚቶች ደመወዛቸው ለዋስነት አይበቃም። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ቤት ልከራይ ስሄድም መጀመሪያ የምጠየቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ነው። ያሳደገን ተቋም ዋስ ይሁነን። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠባዬን የሚያውቀው እሱ ካላመነኝ ማን ያምነኛል?

ጋሽ ኃይሉ፦ ሜሮንዬ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ያልሽው እውነት ነው። ተቋሙ ግን በመንግሥት በጀት ለስንቱ ይፈርማል? ገንዘብ ቢጎድል ኃላፊው ነው የሚጠየቀው።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ ኢንሹራንሶች ሠራተኛው ገንዘብ ቢያጎድል ለቀጣሪው የሚከፍል የሠራተኛ ታማኝነት ዋስትና ይሸጡ የለ? የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ዓረቦን ተቋሙ ይክፈልልን። ከዚያ በራሳችን ስም እንታወቃለን።

ጋሽ ኃይሉ፦ ይሄስ ይሆናል። ቀጣሪው እንዲቀበለው ግን መመሪያ ይውጣለት፤ አለዚያ «ሰው አምጪ» ማለቱን አይተውም።

ዳዊት፦ በዚህ እስማማለሁ። አልጋም አይዝም።

ሰናይት፦ ዋስትናው ሥራ ላገኘ ነው። 11ኛ ክፍል ያለው ልጅ ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር አልመለስክልኝም፣ ዳዊት።