ከሶዲየም አምፖል ወደ ኤልኢዲ፦ ለቤዝመንት በሶብላና ሚጥሚጣ የቱን ልግዛ?

የሴንት ፖሏ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሚኒሶታ ነው። ቤዝመንት ውስጥ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሚጥሚጣ አበቅላለሁ። ቦታው ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። መብራቱ ካናቢስ ያበቅል ከነበረ ጎረቤት የገዛሁት ባለ 600 ዋት ሶዲየም ነው። በቀን 14 ሰዓት ይበራል። ተክሎቹ ደህና ናቸው፤ የመብራት ቢሉን ግን አልቻልኩትም። ወደ ኤልኢዲ ልቀይር ስል አንዱ ካርቶን «1000 ዋት» ይላል፣ ዋጋው ርካሽ። ሌላው 240 ዋት ብቻ ሆኖ ከእጥፍ በላይ ይጠየቅበታል። ግራ ገባኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
እህቴ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን እርሺው። ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚስብ የሚናገረውን ጽሑፍ ፈልጊ። «1000» ከሚሉት ብዙዎቹ የሚስቡት ከ100 እስከ 150 ቢሆን ነው። ቀጥለሽ በአንድ ጁል (በሚበላው ኤሌክትሪክ ልክ) ስንት ማይክሮሞል ብርሃን እንደሚሰጥ እዪ፤ ማይክሮሞል ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ ነው። ለተክል ዋናው ቁጥር እሱ ነው። ያንቺ ዓይነት ሶዲየም ከ1.5 ብዙም አያልፍም። ጥሩ ኤልኢዲ 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። በዚያ ላይ ሶዲየም ዙሪያውን ስለሚያበራ፣ ብርሃኑ ወደ ላይ ሄዶ ከላዩ ካለው አንጸባራቂ ቆርቆሮ ሲመለስ መንገድ ላይ ይባክናል። ኤልኢዲ የሚያበራው ወደ ታች ብቻ ነው።

ቢሉን እናስላው። 600 ዋቱ ከነባላስቱ (ለአምፖሉ ኤሌክትሪኩን ከሚመጥንለት ሳጥን ጋር) 660 አካባቢ ይስባል። በ30 ቀን 277 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 240ው ግን 101 ብቻ። ለአንዱ 15 ሳንቲም ብትከፍይ፣ 42 ዶላር ገደማ የነበረው 15 ይሆናል።

ባላስቱን አብረሽ ንቀይው። ኤልኢዲው ኤሌክትሪኩን የሚመጥንለት የራሱ ድራይቨር አለው፤ በድሮው ባላስት በኩል እንዳትሰኪው።

የደንቨሩ፦
እኔ የምሠራው ፈቃድ ባለው የካናቢስ ማብቀያ ነው። የተባለው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያዎቹ አብዛኞቹ የሚጻፉት ለካናቢስ ነው። ካናቢስ ሲያብብ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ600 እስከ 1000 ማይክሮሞል ይፈልጋል። ለበሶብላ 300 ይበቃል። ሚጥሚጣ ከ400 እስከ 500 ካገኘች ደህና ታፈራለች። ስለዚህ በትልቅ ቁጥር አትሸወጂ፣ 240ው ለቦታሽ በቂ ነው። ብርሃኑ የሚበረታው መሃል ላይ ስለሆነ ሚጥሚጣዋን መሃል፣ ሌሎቹን ዳር ዳር አድርጊ።

ከተክሎቹ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ስቀይው። በግማሽ ኃይል ጀምሪና በየጥቂት ቀኑ ጨምሪ። የላይኞቹ ቅጠሎች ነጣ ካሉ ወይም ጠርዛቸው ወደ ላይ ከተጠቀለለ በዝቶባቸዋል።

እማማ በሶብላ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ብርሃን አወራ፤ ሙቀቱስ? ያ ሶዲየም ምድጃም ሆኖ ነው የከረመው። እሱ ሲነሳ ቤዝመንቱ ይቀዘቅዛል። በሶብላ ደግሞ ብርድ አይችልም፣ ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል። የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ከሥር አንጥፊለት። ውሃም ቀንሺ። አፈሩ እንደ ድሮው ቶሎ አይደርቅም። ጣትሽን ከተሽ ደረቅ ሆኖ ስታገኚው ብቻ አጠጪ። በተለይ ጤና አዳም ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

የሴንት ፖሏ፦
እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ስለ ውሃው ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። 240ውን ልገዛ ነው። ማይክሮሞሉን የሚለካው መሣሪያ ግን ውድ ነው፤ በስልክ መለካት ይሆናል? አሮጌውን አምፖልስ የት ልጣለው?

የደንቨሩ፦
ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ የስልክ ሉክስ መለኪያ (ብርሃንን በዓይናችን እይታ ልክ የሚለካ አፕ) ለግምት ይበቃል። ያሳየሽን ቁጥር ለ67 አካፍይው። 20,000 ሉክስ 300 ማይክሮሞል ገደማ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሚኒሶታ ውስጥ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው። እንዳይሰበር ጠቅልለሽ ካውንቲሽ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰጂው። አዲሱን ስትገዢ ደግሞ ዩኤል 8800 የሚል መኖሩን እዪ። ለተክል መብራቶች የወጣ የደህንነት መስፈርት ነው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ ያለሱ አትግዢ።