ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሽንቱ ለምን ኮካ መሰለ?

የአቤል እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ ሳንባ ምች ይዞት፣ ገና መድኃኒት ሳይቀምስ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ኮካ መሰለ። ጎረቤቴ «የወፍ በሽታ ነው» አለችኝ። ሆስፒታል ደም ተሰጠው። በማግስቱ ጂ6ፒዲ የሚባል የቀይ ደም ሴል ኢንዛይም ምርመራ ታዘዘለት፤ ውጤቱ ኖርማል ነው። ሐኪሙ ግን «የራሱ ነጭ የደም ሴሎች ቀዮቹን ጎድተውበታል» ይላል። የገዛ ወታደር ወገኑን ይገድላል እንዴ?

ላብራቶሪስቱ፦ ይገድላል እንጂ! ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያ ሲውጥ ኦክስጅን ስቦ ሱፐርኦክሳይድ ያመርታል። እሱ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል፣ የበረኪና የቅርብ ዘመድ። ፐርኦክሳይዱ ሾልኮ አጠገቡ ያለው ቀይ ሴል ውስጥ ይገባል፤ የሽፋኑን ስብ ያበላሻል፣ ሄሞግሎቢኑን ያረጋዋል። በልዩ ቀለም ስናየው ሴሉ ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሄንዝ ቦዲ እንለዋለን። የጤነኛ ሰው ቀይ ሴል ይህን ግሉታታዮን በሚባል መከላከያ ውህድ ይመክታል። ያገለገለው ግሉታታዮን ግን መታደስ አለበት፤ ቀይ ሴል ደግሞ ማይቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ስለሌለው ለዚህ የሚተማመነው በጂ6ፒዲ ነው። ኢንዛይሙ ካነሰ ሴሉ ይፈርሳል፤ ሽንቱን ያጠቆረው ከዚያ የወጣው ሄሞግሎቢን ነው።

ማሚ፦ ቀይ ሥር ጭመቂለት እህቴ፣ ደም ይተካል።

ሲስተር፦ ቀይ ሥሩ አይጎዳውም፣ ግን መፍረሱን አያቆምም። የአቤል እናት፣ ያንን «ኖርማል» አትመኚው። ኢንዛይም ያለቀባቸው አሮጌዎቹ ሴሎች ፈርሰዋል፤ የቀሩት ከመቅኔ ገና የወጡ፣ ኢንዛይማቸው ያልተነካ ናቸው። በዚያ ላይ ደም ተሰጥቶታል፤ የተለካው በከፊል የለጋሹ ነው። ከ3 ወር በኋላ ይደገም። እስከዚያ ልጁ የጂ6ፒዲ እጥረት እንዳለበት ቁጠሪው፤ ወባ ይዞት ፕሪማኪን ቢታዘዝለት ሴሎቹን ስለሚያፈርስ አስቀድመሽ ተናገሪ። ልብስ ውስጥ የሚደረገውን ናፍታሊንም እንዲሁ ስለሚያፈርስ ከቤት አውጪ። ሽንቱ ዳግም ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሽው ሂጂ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ይኸው እጥረት ያለበትን የኔን ልጅ የጣለው እሸት ባቄላ ነው። ወንዶቹ ላይ ይበረታል፤ ዘሩ በእናት በኩል ነው የሚመጣው፣ የወንድሞችሽንም ልጆች ሳይሆን የእህቶችሽን ጠይቂ።

የአቤል እናት፦ የተከካ ባቄላስ? ለጾም ያስከካሁት ሞልቷል።

ሲስተር፦ እሸቱ ይብሳል፤ ግን እስኪረጋገጥ ምንም ዓይነት ባቄላ አታቅምሺው።

የአቤል እናት፦ እንግዲያው ክኩን የወፍ በሽታ ላለችኝ ጎረቤቴ ነው የምሰጣት። የ3 ወሩን ውጤት እጽፍላችኋለሁ።