አንጋፋው ውሻዬ ቡችላዋን አላስጠጋ ብሎኛል

7 ዓመት አብሮኝ የኖረው ውሻዬ፣ ከ2 ወር በፊት ያመጣኋትን ቡችላ ብቻቸውን ሲሆኑ ችላ ብሎ ያልፋታል፤ እጄ እርሷን በነካ ቁጥር ግን መካከላችን ገብቶ፣ ሰውነቱን አድርቆና ጥርሱን አሳይቶ ያጉረመርምባታል። ማጉረምረሙ ከመንከስ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በመሆኑ እርሱን መቆጣት ትቻለሁ፤ ቀደም ሲል በተቆጣሁት ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ በድንገት ጆሮዋን ነክሷት ነበርና። ምግባቸውን በተለያየ ክፍል ስለምሰጣቸው በዚያ በኩል ሰላም ነው፤ የሚጣሉት በእኔ ነው ማለት ይቻላል። አሁን እርሷ ራቅ ብላ ስትቀመጥ ለእርሱ ቁራሽ ሥጋ እየሰጠሁ፣ መኖሯን ከመልካም ነገር ጋር እንዲያያይዘው ማለማመድ ጀምሬያለሁ። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ርቀቱን በምን ምልክት እያያችሁ እንዳጠበባችሁ፣ ከሥራ ስመለስም ሁለቱም በር ላይ ሲዘሉብኝ ማንን አስቀድሜ መቀበል እንደሚገባኝ እባካችሁ አስረዱኝ።