አስቸኳይ! የጋያትሪ ማንትራ 23 ቀለም ብቻ ይመጣልኛል፣ አንዱ የት ገባ?

ሰብሊ_ፑኔ (ጠያቂ)
እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፕረዘንቴሽን አለኝ። የደረሰኝ ርዕስ የጋያትሪ ማንትራ (በሳንስክሪት የሚባል የሂንዱዎች ጸሎት) ምጣኔ ነው፣ ማለት በየመስመሩ ያለው የቀለም (ሲላብል) ልክ። ያገላበጥኩት መጽሐፍ ሁሉ «3 መስመር፣ እያንዳንዱ 8 ቀለም፣ ድምሩ 24» ይላል። እኔ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ብቆጥር ብቆጥር 23 ነው። የመጀመሪያው መስመር 7 ላይ ይቆማል። ስላይዱ ላይ 24 ብዬ ጽፌያለሁ፤ «እስኪ ቁጠሪልን» ብባል ጉዴ ፈላ። በኛ ፊደል እንዲህ ነው የገለበጥኩት፦

ተት ሰቪቱር ቨሬንየም
በርጎ ዴቨስየ ዲመሂ
ዲዮ ዮ ነህ ፕረቾደያት

ምኑን ነው የሳትኩት?

ማሂ
7 ከየት መጣ? እኔ የመጀመሪያውን 11 ነው የቆጠርኩት።

ቲቸር አቤል
ማሂ፣ የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን አናባቢ ነው። እዚህ ያሉት ሳድሶች (ት፣ ር፣ ን፣ ም) አናባቢ ስለሌላቸው ከፊታቸው ካለው ቀለም ጋር ይታሰራሉ። ከ11 ላይ 4 ሲነሳ 7።
ሰብሊ፣ አንቺ ደግሞ ከሥሩ ብትጀምሪ ይሻላል። ጋያትሪ የዚህች ጸሎት ስም ብቻ አይደለም፣ የምጣኔው ስም ነው። ጸሎቷ ያለችበት ሪግ ቬዳ (የሂንዱዎች ጥንታዊ የመዝሙር ስብስብ) 10 መጻሕፍት አሉት፣ 1028 መዝሙር። ይህችኛዋ 3ኛው መጽሐፍ፣ 62ኛው መዝሙር፣ 10ኛዋ ስንኝ ናት። ለፀሐይ አምላክ ለሳቪታር የቀረበች ናት፤ ደራሲዋም ቪሽቫሚትራ የሚባለው ጠቢብ ነው ይባላል። ሌሎችም ምጣኔዎች አሉ፦ አኑሽቱብ 4 ጊዜ 8፣ ትሪሽቱብ 4 ጊዜ 11፣ ጀገቲ 4 ጊዜ 12። ይህን ሳትይዢ ቆጠራ ውስጥ መግባት...

ሰብሊ_ፑኔ
ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ይሄ ሁሉ ስላይድ 2 ላይ አለ። የቸገረኝ 8ኛው ቀለም ነው!

ኪሩ
መግቢያው ላይ «ኦም ቡር ቡቨህ ስቨህ» የሚለውን ቆጥረሽው እንዳይሆን። እሱ ከምጣኔው ውጪ ነው። አውጪው።

ሰብሊ_ፑኔ
ከመጀመሪያውም አላስገባሁትም። ደግሞ እሱ ቢገባ ይበዛ ነበር እንጂ አይጎድልም።

አያልቅበት
እህቴ፣ የሰው አገር ጸሎት ምን አስቆጠረሽ? ዳዊትሽን ብትደግሚ አይሻልም?

ሰብሊ_ፑኔ
አያልቅበት፣ ዳዊቴንም እደግማለሁ። ይሄ ትምህርቴ ነው፣ የቋንቋ ጥናት። ውጤት አለው።

ዘጎንደር
ለጥያቄሽ መልስ ባይሆንም አንድ ነገር ልበል። እኔ አብነት ትምህርት ቤት ያደግኩ ነኝ። የግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ አለው። ተነሹን ጥለሽ ካነበብሽ የኔታ እዚያው ያስቆሙሻል። ቬዳ የሚማሩት የሂንዱዎቹም ልጆች መጽሐፍ ሳይዙ ከመምህር አፍ ነው የሚቀበሉት ሲባል ሰምቼ ገርሞኛል። ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወድቅ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ነጻነት_ኬረላ
ሰብሊዬ፣ አይዞሽ፣ አልሳትሽም። ችግሩ «ቨሬንየም» ላይ ነው። «ን» እና «የ» ተጣብቀዋል። ስንኟ ስትገጠም ግን «ቨሬኒየም» ተብሎ ነበር የሚነበበው። አሁን ቁጠሪ፦ ተት፣ ሰ፣ ቪ፣ ቱር፣ ቨ፣ ሬ፣ ኒ፣ የም። ይኸው 8።
በምን አውቃለሁ ካልሽ፣ የየመስመሩን የመጨረሻ 4 ቀለም ጠረጴዛ እየመታሽ በዪው፦
ቨ-ሬ-ኒ-የም
የ-ዲ-መ-ሂ
ፕረ-ቾ-ደ-ያት
ሦስቱም አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም ናቸው። («ሂ» አጭር ናት፣ ግን መስመር መጨረሻ ላይ ርዝመት አያስጨንቅም።) «ቨሬንየም» ካልሽ መጨረሻው «ቱር-ቨ-ሬን-የም» ይሆንና ምቱ ይሰበራል። ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል። ፒንጋላ የሚባለው የጥንት የምጣኔ ሊቅም መስመር ሲጎድል በ«ኢየ» ይሞላ ብሎ ሕግ አስቀምጧል። ስለዚህ ከኪስሽ ያወጣሽው ነገር አይደለም።
አንድ ማሳሰቢያ። ካህናቱ ሲያዜሙ እንደ ተጻፈው «ቨሬንየም» ነው የሚሉት። ስላይዱ ላይ ጽሑፉን አትንኪው፤ ከሥሩ «በምጣኔ፦ ቨሬኒየም» ብለሽ ጨምሪ።

ዘጎንደር፣ የነሱ የድምፅ አነሳስ ሦስት ነው፦ ኡዳታ (ከፍ ያለ)፣ አኑዳታ (ዝቅ ያለ)፣ ስቫሪታ (ከሁለቱ የተቀላቀለ)። በተለመደው የሪግ ቬዳ አጻጻፍ አኑዳታ ከሥሩ አግዳሚ መስመር አለው፣ ስቫሪታ ከላዩ ቋሚ መስመር። ኡዳታ ምልክት የለውም። እዚህቹ ስንኝ ላይ «ሰ» ከላይ ቋሚ አላት፣ «ቪ» ከሥር አግዳሚ። እዚህ ኬረላ አንድ መምህር የልጁን ራስ በእጁ ይዞ ሲያስተምር አይቻለሁ። ድምፁ ሲወርድ ራሱን ወደ ታች ያደርገዋል፣ ሲነሳ ቀና፣ ሌላው ላይ ወደ ጎን። ልጁ የ8 ዓመት ቢሆን ነው። ቃላቱንም እያገላበጡ ነው የሚያጠኑት። «ጀታ» የሚሉት አጠናን ላይ ሁለት ቃል ይይዛሉ፦ 1-2፣ 2-1፣ 1-2። «ገና» ላይ ሦስተኛ ቃል ይጨመራል፦ 1-2፣ 2-1፣ 1-2-3፣ 3-2-1፣ 1-2-3። እንዲህ ተጠንቶ አንድ ቀለም ማን ያጠፋል? ዩኔስኮ የቬዳን ዜማ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም የቃል ቅርስ ብሎ ያወጀው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘጎንደር
ነጻነት፣ እድሜ ይስጥሽ። የልጁ ነገር የኔታን አስታወሰኝ።

ፍሬው
እኔ አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። 24 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ማን አለ? አንድ ቀለም የጎደላት ጋያትሪ የራሷ ስም አላት፣ ኒችሪት ትባላለች። አንድ የበዛባት ደግሞ ቡሪጅ። 23 በዪና ኒችሪት ናት በዪ፣ አለቀ።

ነጻነት_ኬረላ
ፍሬው፣ ስሙ እውነት ነው፣ እንደዚያም የሚመድቧት አሉ። ግን ስም ስላላት የተሰበረው ምት አይጠገንም። ሰብሊ ሁለቱንም ብትጠቅስ መምህሯ ደስ ይለዋል።

ኪሩ
«ኦም ቡር ቡቨህ ስቨህ»ን አውጪው አልኳችሁ እኮ።

ማሂ
ኪሩዬ፣ ወጥቷል፣ ወጥቷል 😄

ሰብሊ_ፑኔ
ነጻነትዬ!!! ጠረጴዛውን ስመታ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ግን ገጠመ። ስላይዱን ላስተካክል፣ ነገ እነግራችኋለሁ።

(ከ4 ቀን በኋላ)

ቲቸር አቤል
ሰብሊ፣ እንዴት ሆነ?

(ከ2 ሳምንት በኋላ)

ሊዲያ_ደልሂ
ሰላም፣ ሰብሊ አልመለሰችም መሰለኝ። የኔም ተመሳሳይ ነው። ኢንድራ ለሚባለው አምላክ የቀረበ መዝሙር፣ ሪግ ቬዳ 1ኛ መጽሐፍ፣ 32ኛው መዝሙር፣ ትሪሽቱብ ነው ተብሎ «ኢንድረስየ ኑ ቪርያኒ ፕረ ቮቸም» 10 ይመጣልኛል። 11 መሆን ነበረበት።

ነጻነት_ኬረላ
ሊዲያዬ፣ «ር» እና «ያ» መሃል «ኢ» አስገቢ። ቪሪያኒ።