ዋሽንት የሚነፋ መምህር የብረት ፍሉት ሊያስተምር ይችላል? (ጅማ)

የአዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ክረምት ከውጭ አገር ለጥየቃ የመጣችው አክስቷ አንድ የብረት ፍሉት አምጥታላት ነበርና፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ልጅቷ ሌላ ጨዋታ ትታለች። ሦስት ወር ያህል በስልክ ቪዲዮ እየተመለከተች ብቻዋን ስትታገል ቆይታ ድምፅ ማውጣቱ ተሳክቶላታል። ይሁን እንጂ አምስት ደቂቃ ሳትነፋ ራሷን ያዞራታል፤ ድምፁም አንዳንዴ ጥርት ብሎ ይወጣና ወዲያው ባዶ ትንፋሽ ይሆናል። ምን ስታደርግ እንደሚሳካላት፣ ምን ስታደርግ እንደሚበላሽባት ራሷም ልትነግረኝ አትችልም።

በሰው በሰው አጠያይቄ፣ ቤት ለቤት እየሄዱ በግላቸው የሚያስተምሩ አንድ የሙዚቃ መምህር አግኝቻለሁ። ዋና ሙያቸው ዋሽንትና ኪቦርድ ነው። ዋሽንት ሲነፉ በአንድ ሠርግ ላይ ሰምቻቸዋለሁ፤ የሚያስመሰግን ትንፋሽ አላቸው። የብረት ፍሉት አስተምረው እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን አለማስተማራቸውን ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ «ሁለቱም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸውና የሚለየው የጣቱ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱን ከመጽሐፍ አይቼ አሳያታለሁ» ነበር ያሉኝ። የጠየቁት ክፍያ ለአንድ ሰዓት 500 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ሊያስተምሯት፣ እኔም የሦስት ወሩን 12,000 ብር አስቀድሜ እንድከፍል ሐሳብ አቅርበዋል፤ እስካሁን እሺም እንቢም አላልኩም።

ዋሽንት ነፊ ፍሉት ለማስተማር ይበቃል? እንደ እኔ ያለ ኖታ የማያነብ ወላጅ መምህሩ በደንብ ማስተማራቸውን በምን ሊለይ ይችላል? አስቀድሞ መክፈሉስ የተለመደ ነው? የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ዘወትር ተማሪ

እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ጉዳይ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኪቦርድ ለመማር ለአንድ መምህር የሁለት ወር ክፍያ አስቀድሜ ሰጥቼ ነበር። ሦስት ሳምንት እንደተማርኩ መምህሩ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተው ሄዱ፤ ስልካቸውም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ በግል ማስተማር ገቢው የማይጨበጥ ስለሆነ የተሻለ ሲገኝ መሄዳቸው አይገርምም። ገንዘቤ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ የምከፍለው ለአራት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ አራቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው አራት እከፍላለሁ። መምህሩ በተከታታይ ሊቀሩ ቢገደዱ የምጎዳው ቢበዛ በአራት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እርሳቸውም ሠርተው ሳይከፈላቸው አይቀሩም። ከዚህም ሌላ፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ስምምነት በጽሑፍ ብታስቀምጡ መልካም ነው፦ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ ማን ሲቀር ምን እንደሚደረግ፣ ከስንት ሰዓት በፊት መነገር እንዳለበት። ጅማ ላይ ክረምቱ ሲገባ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ባጃጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ የእኔ መምህር ትምህርቱን ወደ ጠዋት አዛውረውታል፤ ረመዳን ሲገባም ሰዓቱን እንደገና እንነጋገራለን። እነዚህ ቀድመው ካልተነገሩ ቅሬታ የሚጀመረው ከእነርሱ ነው።

ልጅቷ ገና ስለሆነች ትምህርቱ ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በአቅራቢያ እያለ ቢካሄድ ይመረጣል። ይህን መጠየቅ መምህሩን መጠርጠር አይደለም፤ ደኅና መምህር ራሱም የሚፈልገው ነው።

ሸምበቆ

በግሌ ፍሉት አስተምራለሁ፤ ዋሽንትም እነፋለሁ፤ ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ሳላደላ ለመናገር እሞክራለሁ።

መምህሩ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። በሁለቱም መሣሪያ ድምፅ የሚፈጠረው ከከንፈር የወጣ ቀጭን የአየር ጅረት የቀዳዳውን ጠርዝ ሲመታ ነው፤ እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ምላስ የላቸውም። ዋሽንትን ከጫፉ ሰያፍ ይዘን እንነፋዋለን፣ ፍሉትን ደግሞ ወደ ጎን አግድም፤ ሆኖም አየሩን የሚያቀጥነውም አቅጣጫ የሚሰጠውም በሁለቱም ከንፈር ነው። ልጅዎን ራሷን የሚያዞራት በከንፈሯ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ አየሩ በከንቱ ስለሚያልቅባትና ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ ይመስለኛል። ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሲያዞራት ትቀመጥ፣ ትረፍ፤ ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ ይቀራል። ጥሩ ትንፋሽ ያለው ዋሽንት ነፊ ይህን በጆሮው ብቻ ለይቶ ሊያርምላት ይችላል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ግማሽ ግን «የጣቱ ነገር ብቻ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የተለመደው ዋሽንት አራት የጣት ቀዳዳዎች ያሉት ሆኖ ለአምስት ድምፅ ቅኝት የተመቸ ነው፤ ነፊው የዜማውን ከፍታ መቀየር ሲፈልግ ሌላ ዋሽንት ያነሣል፤ ለዚህም ነው ዋሽንት ነፊዎች ብዙ ዋሽንት በአንድነት ይዘው የሚዞሩት። የብረቱ ፍሉት፣ ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም በፈረንጆች 1847 ባወጣው አሠራር መሠረት፣ 12ቱንም ድምፆች በሦስት ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) በአንድ ዘንግ ላይ የሚያወጣ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። መጽሐፍ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ያሳያል፤ እጅ መሣሪያውን እንዴት እንደሚሸከም ግን አያሳይም። ፍሉት የሚደገፈው በአገጭ፣ በግራ እጅ አመልካች ጣት ሥርና በቀኝ አውራ ጣት ነው፤ ይህ ሚዛን ካልተያዘ ልጅቷ መሣሪያው እንዳይወድቅባት በጣቶቿ ጨምድዳ ትይዘዋለች፣ የጨመደደ ጣት ደግሞ አይፈጥንም። የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት በአብዛኛው ድምፅ ላይ ቁልፏን ተጭና መቆየት አለባት፤ ዋሽንት ላይ ይህች ጣት ሥራ ስለሌላት መምህሩ ልብ ላይሉት ይችላሉ። ከመካከለኛው ዶ ወደ ቀጣዩ ሬ መሻገርም አለ፤ ጣቶች ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ቅጽበት ቦታ የሚለዋወጡበት ስለሆነ ጀማሪዎች ለወራት የሚንገዳገዱበት ነው። ያላለፈበት ሰው ልጅቷ ልምምድ ያነሳት ይመስለዋል።

መምህር በምን ይለያል ላሉት፣ አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ከፍለው አጠገባቸው ይቀመጡ። ፍሉቱ ሦስት ቁራጭ ነው፤ የሚያውቅ መምህር መጀመሪያ የላይኛውን ቁራጭ ብቻ ያስነፋታል፣ መስታወት ፊት ያቆማታል፣ ጫፉን በመዳፏ ዘግታና ከፍታ እንድትነፋ ያደርጋታል፤ ሲዘጋ ድምፁ ወደ አንድ ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል። ከዚያም ሲ፣ ላና ሶልን ያስጀምራታል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማየው መምህሩ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበትን ጊዜ ነው። ልጅቷን ሁለት ጊዜ አስነፍቶ «የትኛው ተሻለሽ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሷን የሚጠብቅ መምህር፣ እርስዎ የጠቀሱትን ችግር ማለትም ምን ስታደርግ እንደሚሳካላት አለማወቋን እየፈታላት ነው። በመጀመሪያው ቀን የታወቀ ዘፈን አስጀምሮ ወላጅን የሚያስደስት መምህር አይማርከኝም። የሰዓቱንም ነገር ካነሣን፣ ለ12 ዓመት ጀማሪ አንድ ሰዓት ይበዛል፤ ከንፈሯ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይደክማል።

ስለ መሣሪያውም ልጨምር። ሲገጣጠም ከቁልፎቹ ላይ ተጨብጦ አይታጠፍ፤ በተነፋ ቁጥር ውስጡ በቀጭን ጨርቅ ይድረቅ፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ከቁልፎቹ ሥር ያለው ለስላሳ ንጣፍ ያብጥና ቀዳዳውን መዝጋት ይሳነዋል። ከረሜላ በልታ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ጠጥታ አፏን ሳትጉመጠመጥ አትንፋ፤ ቁልፉ ይጣበቃል። በላይኛው ቁራጭ ጫፍ ያለውን ክዳን ማንም አይጠምዝዝ፤ ውስጡ ቡሽ አለ፤ ከአፍ ቀዳዳው መሀል 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ካልተቀመጠ መሣሪያው ቅኝቱን ይስታል። ከፍሉቱ ጋር የሚመጣው የማጽጃ ዘንግ ጫፉ አጠገብ ያለው ጭረት ለዚሁ መለኪያ ነው፤ ዘንጉ ሲገባ ጭረቱ ከቀዳዳው መሀል መታየት አለበት።

የጂሬን ሰው

ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ብረቱ ሲጨነቅ አየሁ። እኔ ብሆን ፍሉቱን ለአንድ ዓመት በሣጥኑ አስቀምጬ፣ ልጅቷ ከእኒህ መምህር የሚያውቁትን እንድትማር አደርግ ነበር። ዋሽንት ዋጋው ቀላል ነው፤ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ መምህሩም እየገመቱ ሳይሆን ከልባቸው ያስተምሯታል። በዚህ በአካባቢያችን እረኛው ኡሉሌ (የኦሮሞን ዋሽንት) ሲነፋ እየሰማን ነው ያደግነው፤ በሌላው የአገራችን ክፍልም ዋሽንት ከእረኛ እጅ ተነሥቶ እነ ዮሐንስ አፈወርቅ በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መድረክ ላይ የነፉት መሣሪያ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮዋ ሳትለይ ቁልፍ መጫን ብትማር ምን ይረባታል?

ሸምበቆ

አባባልዎን አከብራለሁ፤ ስለ ጆሮው ያሉትም ትክክል ነው። ነገር ግን ልጅቷ የወደደችው ፍሉቱን ነው፤ ሦስት ወር ያለ መምህር የታገለችበትን ነገር ወስዶ ሌላ መስጠት ፍላጎቷን እንዳያቀዘቅዘው እሰጋለሁ። ደግሞም ሁለቱ አይጣሉም። ሲ፣ ላና ሶልን ካወቀች በኋላ ሬና ሚ ሲጨመሩላት በእጇ ያሉት ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ከሶል የተነሣ ሙሉ የትዝታ ቅኝት ነው። መምህሩ በዋሽንታቸው አንድ ሐረግ ነፍተው እርሷ በፍሉቷ እንድትመልስ ቢያደርጉ፣ ከኖታ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሆንላታል። ዋሽንታቸው ከሶል የሚነሣ መሆኑን ግን ቀድመው ያረጋግጡ፤ አለዚያ አይገጥሙም።

የኔትዎርክ ምርኮኛ

እኔ አዲስ አበባ ካለ የፍሉት መምህር በስልክ ቪዲዮ እማራለሁ። አብሮ መንፋት አይቻልም፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ተራ በተራ ነው የምንነፋው። ሌላው ችግር፣ የስልክ መተግበሪያዎች ረዥሙን የፍሉት ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይቆርጡታል፤ እኔ ለሁለት ሳምንት ትንፋሼ የሚቆራረጥ እየመሰላቸው ሲያርሙኝ ነበር። ዙም ላይ ድምፁን ሳያጣራ እንዳለ የሚያስተላልፈውን ምርጫ ስንከፍት ተስተካከለ። መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ለየሳምንቱ አልመክርም። በወር አንድ ጊዜ የእጅ አያያዟን የሚያይላት ሰው ለማግኘት ግን ይጠቅማል።

የአዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሙከራውን ክፍለ ጊዜ አደረግን፤ እኔም ቡና እያፈላሁ በሚመስል ሰበብ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መምህሩ ከመጽሐፍ አልጀመሩም። የላይኛውን ቁራጭ ብቻ አስነፏት፤ ቆየት ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ከንፈርሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊው፣ ትንፋሹን ግን አትጨምሪ» አሏት። ለግማሽ ሰዓት ነፋች፤ አልዞራትም።

ሲጨርሱ ስለ ትንሿ ጣትና ከዶ ወደ ሬ ስለመሻገሩ ያነበብኩትን አቀረብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ይህን እንደማያውቁት ነገሩኝ፤ በወር አንድ ጊዜ የፍሉት መምህር በቪዲዮ ቢያያት እርሳቸውም አብረው ተቀምጠው መማር እንደሚፈልጉ አከሉ። የሦስት ወሩ ቅድመ ክፍያ ቀርቶ በየአራት ክፍለ ጊዜው፣ ለ30 ደቂቃ 300 ብር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተስማምተናል፤ ለመንገዱ ስል ከግማሹ ሰዓት ሂሳብ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ።

የኔትዎርክ ምርኮኛ፣ የመምህርዎ ሰዓት ክፍት ከሆነ በውስጥ መልእክት ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ሸምበቆ፣ እርስዎን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የመምህሩ ዋሽንት ከሶል ሳይሆን ከላ የሚነሣ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሌላ ዋሽንት እስኪመጣ ልጅቷ ከላ የሚነሣውን ትዝታ ለመንፋት የትኞቹን ድምፆች ልትጨምር ይገባታል?

ሸምበቆ

ላ፣ ሲ፣ ዶ ዲየዝ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ፤ ዲየዝ ማለት ድምፁ በግማሽ ከፍ ሲል ነው። ሁለቱ ዲየዞች አዲስ ስለሚሆኑባት ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት አያስጀምሯት፤ ዶ ዲየዝ ላይ ፍሉቱን የሚይዘው ጣት ስለሚያንስ መሣሪያው ይንሸራተትባታል፤ ትንሿ ጣት ቁልፏን እንደተጫነች መሆኗን ያኔ ይመልከቱላት።